እግር ያወጣው መድኃኒት

«ግባ፣ ግባ ግንቡ! ምን በር ላይ ያስቆምሃል? በሩን ግን አትዝጋው… እንደተከፈተ ተወው። አዎ፣ እንደዚያ። ትንሽ ነፋስ ይግባልን። ቤት ደህና? ሙሽሪት ልጅህስ እንዴት ሆነች፣ ቀሚሷ ደረሰላት? ጎሽ! እንግዲህ የቀረው ለአማችህ የምትሰጠው ሰዓት ነው፤ እሱም ደርሷል፣ ጀርባውን ልክደንለትና ይዘኸው ትሄዳለህ። ቁጭ በል። እዚያ እንኳ አይደለም፣ እዚያ አሠልጣኝህ ተቀምጠው ኳስ እየነፉ ነው። አትረብሻቸው፤ ለነገው ፍጻሜ ትልቅ ሥራ ላይ ናቸው። እዚህ በርጩማው ላይ ና።»

ሰዓት ሠሪዋ ይህን ሁሉ ስትናገር ቀና አላለችም። አጉሊ መነጽሯን ግራ ዓይኗ ላይ እንደገጠመች፣ በወረንጦዋ ከሰሊጥ የማትበልጥ ብሎን ይዛ ነበር። አነጋገሯ የወትሮው ነው፤ ድምፅዋም ማር ነው። ነገር ግን ከመስታወት ሣጥኑ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ኳስ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ የተቀመጠው ባሏ አንገቱ ሥር ብርድ ብርድ አለው። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ሚስቱ «አንቱ» ያለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዴ የአባቷን የግድግዳ ሰዓት እኔ እጠግነዋለሁ ብሎ የፈታው ዕለት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መልሶ የገጠመው ዕለት። ይህ ሦስተኛው ነው። አሠልጣኙ መንፊያውን አንድ ጊዜ ጫን አደረገው። ኳሱ አየር አላነሰውም ነበር፤ እጁ ግን ሥራ አንሶት ነበር።

የሆነውን ነገር ለታሪክ ስንል በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይገባናል።

አሠልጣኙ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሁሉንም ንብረት አስረክቦ ፊሽካዋን ብቻ ይዞ ቀረ። አሁን የሰፈሩን የጤና ቡድን ያሠለጥናል። የጤና ቡድን ማለት ዓላማው ጤና የሆነ፣ ጤነኛ ግን አንድም አባል የሌለው ቡድን ነው። አሥራ አንድ ተጫዋቾች አሉት፤ ተጠባባቂ የለውም፤ ትንሹ ተጫዋች አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግንቡ ግብ ጠባቂው ነው። ይህ ስም የወጣለት ኳስ ስለማያሳልፍ አይደለም፤ አንዴ ከቆመ ከቦታው የሚያነቃንቀው ስለሌለ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በሩብ ፍጻሜው ዋዜማ፣ አሠልጣኙ ፋሻ ሲፈልግ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ የወረቀት ከረጢት አገኘ። በውስጡ ሦስት ፓኮ፣ በእያንዳንዱ ፓኮ ስምንት ስስ ፕላስተር ነበር። ጽሑፉ ከአሸዋ የደቀቀ ነው። መነጽሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሄዶ ማምጣት ደግሞ አምስት እርምጃ ይፈጃል። በሥዕሉ ላይ ግን የሰው ወገብ በግልጽ ይታያል፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ አንድ እጅ ፕላስተር ይለጥፋል። አንድ ልምድ ያለው የስፖርት ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ሚስቴ ለወገቤ አስባ ገዝታልኛለች አለ። ልቡ ተነካ። ልቡ ስለተነካም ለብቻው ሊጠቀምበት አልፈለገም። ቅዳሜ ጠዋት ለአሥራ አንዱ ተጫዋቾችና ለራሱ አንድ አንድ ለጠፈ፤ ጉልበት ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የራሱን ወገቡ ላይ። አሸነፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ለጠፈ። ደግሞ አሸነፉ።

ዕድላቸው እንዳይሄድ የሁለቱን ቅዳሜ ቁምጣ ማንም አላሳጠበም ነበር። ሚስቱ ግን ሽታው አስመርሯት ባለፈው ማክሰኞ የሱን ቁምጣ ልታጥብ ስትገለብጠው የወገቡ ላስቲክ ሥር አንድ ነገር ተጣብቆ አገኘች። ምሳ ላይ ከሣህኑ አጠገብ ሦስት ነገር አስቀመጠችለት፤ ያንን ፕላስተር፣ ከፓኮው ውስጥ የሚወጣውን መግለጫ ወረቀት፣ እና መነጽሩን። አነበበው። ፊትና ጀርባውን አነበበው። መድኃኒቱ ኤስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን እንደሆነ፣ ያረጡ ሴቶችን ከሙቀት ወላፈን፣ ከላብና ከእንቅልፍ ማጣት እንደሚያሳርፍ ተጽፏል። ስለ ግማሽ ፍጻሜ የተጻፈ ነገር የለም። ቀና ሲል ሚስቱ በርጋታ ምሳዋን ትበላ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም። ረቡዕ ዝም። ሐሙስ ዝም። ረቡዕ ዕለት ሩቅ ሰፈር ወዳለ ፋርማሲ ሄዶ «አንድ ወዳጄ በስሕተት…» ብሎ ጠይቆ ነበር። ፋርማሲስቷ ለአንድና ለሁለት ቀን የለጠፈ ወንድ ምንም እንደማይሆን ነገረችው፤ ቀጥላም «ወዳጅህስ ደህና ነው፣ ሚስቱ ግን ያለ መድኃኒት እንዴት ሰነበተች?» አለችው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሚስቱ መናገር ጀምራለች። የምትናገረው ግን ለእሱ አይደለም።

«ምን አልክ ግንቡ? … ፕላስተር? የቱ ፕላስተር? … እ… እ… እሱን ነው? ያንን ስሱን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን? አሠልጣኝ አልቋል ቢሉህ እኔን ልትጠይቅ መጣህ! ደግ አደረግህ። ጉልበትህን አዳነልህ? ደረጃ ትወጣበታለህ? ተመስገን ነው! … ሌላስ ምን ተሰማህ? አይ፣ ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ። ሙቀቱ ቀነሰልህ? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደህ? ጠዋት ስትነሣ በር በላያችን ላይ መደርገም አላሰኘህም? በጣም ጥሩ። ሚስትህን ደከመሽ ወይ ብለህ ጠየቅሃት? … እውነትህን ነው? በሃያ ዓመት የመጀመሪያህ? እልል ይባልልኝ! ለሱም ይሠራል ማለት ነው! ይህንን ሐኪሞቹ እንኳ አልጻፉትም።»

ግንቡ በሳቅ ፈነዳ። በርጩማው ተንቋቋ። ሰዓት ሠሪዋም ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ወረንጦዋን ከብሎኗ ጋር ወደ ላይ ከፍ አድርጋ። ከሳቋ ጋር ግን ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሎ ወጣ። አጉሊ መነጽሯን አውልቃ በጨርቅ ጠረገችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ እንደገና እንፋሎት አለበሰው፣ እንደገና አወለቀችው። አሠልጣኙ አየ። ለሦስት ሳምንት ይህንን ሲያደርጋት አይቶ «መስታወቱ አርጅቷል፣ ቀይሪው» ሲላት ነበር።

መንፊያውን ሁለት ጊዜ ገፋ።

«ሙቀት ሲነሣ ምን ትዝ አለኝ መሰለህ… አንዲት ደንበኛ አለችኝ። አታውቃትም። ብታውቃትም አታውቃትም… እንዲያው ለጨዋታ ነው። እንደ እኔ በጥቃቅን ነገር የምትሠራ ናት፤ ቀለበት ላይ ፈርጥ ትገጥማለች። ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው፣ ወንበሩም የአባቷ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ያ ነገር መጣባት። አየህ፣ ወላፈን ነው። ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ምድጃ ውጣ የተቀመጠች ነው የሚመስላት። ላቡ ፈርጡ ላይ ጠብ፣ ጠብ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት አትተኛ፤ ቀን ስሟ ይጠፋታል። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ። ወንበሩን ልሸጠው ነው ብላ ገዢ ፈልጋ ነበር እኮ! የአባቷን ወንበር! … ባሏ ያውቃሉ ወይ? አይ ግንቡ፣ ጨዋታዬን አታስቸኩለኝ። ወደ ባሏ እደርሳለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምደርሰው።»

ባልየው ይህንን አያውቅም ነበር። ሚስቱ ወንበሯን ልትሸጥ ገዢ እንዳነጋገረች የሰማው አሁን፣ ከግብ ጠባቂው ጋር እኩል ነው። ወንበሩን አየው። መደገፊያው በሁለት ትውልድ ጀርባ ተልጎ ያብረቀርቃል።

«ሐኪሟ ሴት ናት፤ የረጋች። ዝም ብላ መድኃኒት አልጻፈችላትም። የደም ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን መረመረች፣ የእናቷን የአክስቶቿን በሽታ ሳይቀር ጠየቀች። ከዚያ ‹ሰውነትሽ የቀነሰውን ሆርሞን ጥቂት ከውጭ እንተካልሻለን› አለቻት። ‹ማታ ማታ አንዲት እንክብል ትውጫለሽ፤ ዋናውን ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ት…› … ቆይ፣ ምን ነበር ያለቻት? … ‹በሳምንት ሁለት ጊዜ ት… ት…›»

ሰዓት ሠሪዋ ወረንጦዋን አየር ላይ አቁማ ታስብ ጀመር። ሱቁ ውስጥ ያሉት አርባ ሦስት ሰዓቶች ሁሉ ሲቆጥሩ ተሰሙ። አሠልጣኙ ያ የቀረው የቃል ጭራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ያ ቃል ከወጣ ግንቡ ወደ ጉልበቱ ያያል፤ ግንቡ ወደ ጉልበቱ ካየ ነገ ጠዋት ቡድኑ ሜዳ አይገባም፤ ቡድኑ ቢገባም አሠልጣኙ በሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

«…ትጠቀሚያለሽ። አዎ። ትጠቀሚያለሽ ነው ያለቻት። ምን ላይ እንዳለሁ… አዎ! ባሏ! ግንቡ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ባል አይቻለሁ፤ የራሴን ጨምሮ ማለቴ ነው፤ እንደዚያ ያለ ጨዋ ግን አላጋጠመኝም። የሐኪሟን ነገር ልታጫውታቸው ገና አፏን ስትከፍት እጃቸውን እንዲህ ቀጥ አድርገው አነሡ… ልክ ከጨዋታ ውጪ እንደሚል ዳኛ። ‹የሴት ምስጢር ነው፤ እኔ ልሰማው አይገባም› አሉ። አየህ ጨዋነት? ሌላው ባል የሚስቱን ምስጢር ሰው እንዳይሰማበት ይጠብቃል። እኒህ ግን ራሳቸውም እንዳይሰሙት ጠበቁ! ይህንን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ? ቀጥለውም ‹እናቶቻችን ያለ መድኃኒት ችለውት አልፈዋል› አሉ። ታሪክ ዐዋቂ ናቸው። እናታቸውን ጠይቀው ይሆን እንዴ? … ኧረ እንዴት ብለው! ምስጢር ነዋ!»

ግንቡ ጭኑን እየመታ ሳቀ። ይህ ሰው ኳስ ወደ ግራ ስትመታ ወደ ቀኝ በመውደቅ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ የሚበረው ነገር አንዱም አልነካውም። እንዲያውም ወደ አሠልጣኙ ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰው፤ ሞኝ ባል በዚህ ዓለም ስንት አለ ለማለት። አሠልጣኙም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከንፈሩ እሺ አላለውም። ኳሱ በዚህ ጊዜ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ እሱ ግን ይነፋል።

«እና መድኃኒቱ ሠራላት። ግንቡ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ! ወር ከምናምን ሲሆናት ላቡ ቆመ። እንቅልፍ ተኛች። አንድ ጠዋት ተነሥታ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ፈርጥ በአንድ ሙከራ ገጠመችና ወንበሯ ላይ ሆና ለብቻዋ አለቀሰች። የምሸጠው የለም፣ እጄ ተመልሷል ብላ ለገዢው ደወለችለት። ምን አለፋህ፣ መዝፈን ጀመረች! ድምፅ የላትም፤ እንዳትታዘባት። መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም፤ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል። ስለዚህ የሦስት ወሩን ባንድ ላይ ገዛችና ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። … ጠፋ።»

ብሎኗን ቀዳዳው ላይ አኖረቻት። አላጠበቀቻትም።

«ፈለገች። ቤቱን ገለበጠችው። ባሏም አብረው ፈለጉ። እንዴት ያሉ አፋላጊ ናቸው መሰለህ! ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ‹አንድ ከረጢት ጠፋኝ› ስላለቻቸው ብቻ ባትሪ አብርተው አልጋ ሥር ገቡ። በስልሳ ሁለት ዓመታቸው! ወገባቸው እንደ ጎረምሳ ታጠፈላቸው አለችኝ። ደግሞ ወገባቸው ይታመም ነበር እኮ… በዚያ ሳምንት ግን፣ እንጃ፣ ምን እንዳገኙ፣ ተሽሏቸው ነበር። እና ከአልጋው ሥር እንደተጋደሙ፣ በደግነት፣ እንዲህ አሏት፤ ‹አይዞሽ። መርሳት ጀምረሻል። ዕድሜ ነው›።»

ሰዓት ሠሪዋ ሳቀች። ግንቡም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ፤ ለምን እንዳቆመ ራሱም አላወቀም።

«አመነቻቸው። ያልነገርኩህ ይህ ነው። አመነቻቸው። ራሴ ነኝ የሆነ ቦታ ጥዬ የረሳሁት አለች። ሙቀቱ ተመለሰ፣ ላቡ ተመለሰ፣ እጇ ተመለሰ ወደ ድሮው። እሱን ትችለዋለች፣ ለምዳዋለች። ራሷን መፍራቷ ነው የከፋው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ብሎን የት እንዳስቀመጠች ትጽፋለች…»

አሠልጣኙ ወደ መሳቢያዎቹ አየ። እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። «ሞላ»። «ቁልፍ — እዚህ»። «መስታወት፣ ትልቁ»። አንዱ ላይ «ዛሬ የገባ ሰዓት፤ እንዳትረሺ» ይላል። ባለፈው ሳምንት እነዚህን ወረቀቶች አይቶ «ሱቁን ቤተ መጻሕፍት አደረግሽው» ብሎ ቀልዶባታል። ያን ዕለትም ስቃለት ነበር።

«የት ሄደ ትለኛለህ? … መድኃኒቱ? እሱማ ታወቀ። ማክሰኞ ታወቀ። እግር አውጥቶ ነው የሄደ።» ሰዓት ሠሪዋ ቀና አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ እርጥቡ ፊቷ በደስታ ያበራል። «አትሳቅ፣ እውነቴን ነው! እግር አወጣ። ስንት እግር መሰለህ? … ሃያ አራት እግር! ተቆጥሯል! ሃያ አራት እግር አውጥቶ በሁለት ቅዳሜ ውስጥ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ታየ። ደግሞ እኮ አሸነፈ ይባላል!»

የአሠልጣኙ እጅ ስቶ መንፊያውን ነቀለው፤ መርፌዋ ኳሱ ውስጥ ቀረች። ኳሱ ፍስስስስ አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የማያልቅ ትንፋሽ ነበር፤ ሦስቱም እስኪያበቃ ድረስ በአክብሮት አዳመጡት። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከእሱ ወገን የተሰጠው መልስ ይህ ብቻ ነው።

«አሠልጣኝ ደከማቸው መሰለኝ። ተዋቸው ይረፉ። … ግንቡ፣ ስለ እሳቸው ካነሣን ዘንዳ፣ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ያደረጉላችሁን ንግግር ሚስትህ ነግራኝ ልቤ ተነካ። ‹በዚህ ዘመን ሰው ሕመሙን ችሎ መኖር የለበትም! ሳይንስ ለምን ተፈጠረ?› አሏችሁ አይደል? እያንዳንዳችሁንም ‹የት ላይ ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ?› ብለው ጠየቋችሁ። በርከክ ብለው ጉልበትህን በእጃቸው ዳሰሱልህ። … አሥራ አንድ ሰው! አንድ በአንድ! አንተ አለቀስክ አሉ። እኔም ስሰማ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። እንደዚህ ያለ አሠልጣኝ ለዚያች ደንበኛዬ ባል ጎረቤት ቢሆንላቸው ብዬ ተመኘሁ። ሰው ከሰው ይማራል።»

ብሎኗን አጠበቀች። ሰዓቱን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፣ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ደስ የሚለው ነገር ግን ምን መሰለህ… መድኃኒቱ ዛሬ ገብቷል። አደባባዩ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ደውላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ እንደቀራት፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከመደርደሪያ ሥር እንደምታቆይላት ነግራታለች። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ደንበኛዬ ሥራ ይዟታል፤ ማዘዣውን እኔ ዘንድ ትታዋለች። ይኸው፣ ከዘይት ጠርሙሷ ሥር። ባሏ እንዳይሄዱ… እንዴት ብለው ይሄዳሉ? ሰልፍ አለ። የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብሎ መናገር አለ፤ ፋርማሲስቷ አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው ካፌ በረንዳ ላይ ዓርብ ዓርብ እነማን እንደሚቀመጡ አንተ ታውቃለህ፣ ራስህ እዚያ አይደለህ? ቡድኑ በሙሉ! ለአንድ ጨዋ ሰው ይህ እንዴት ይታሰባል? … ምን? … ምን አልክ? … አንተ? አንተ ትሄድላታለህ? እውነት? ለማታውቃት ሴት? ኧረ ተባረክ! ኧረ ዕድሜህን ያርዝመው! እኔስ ጉልበትህ ብቻ የዳነ መስሎኝ ነበር። ና፣ ወረቀቱን ውሰድ። ፓኮው ላይ ሥዕል አለ፤ አይተህ ትለየዋለህ፣ አይጠፋህም… የሰው ወገብ ነው…»

አሠልጣኙ ከአግዳሚው የተነሣበት ፍጥነት በጤና ቡድኑ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ባዶው ኳስ ከእግሩ ሥር ሄደ፣ መንፊያው ወደቀ፣ ወገቡ ቀጭ አለ። ግብ ጠባቂው እጁን እስኪዘረጋ ወረቀቱ ከጠርሙሷ ሥር ወጥቶ ነበር። በፍርሃት ይሁን በሌላ ነገር እንደተነሣ ለመወሰን ማስረጃ የለንም። የምናውቀው፣ ማዘዣውን ከያዘ በኋላ ወዲያው እንዳልወጣ ነው። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ግንቡ ፊት መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አነበበ፤ መጀመሪያ የሚስቱን ዕድሜ፣ ከዚያ የመድኃኒቱን ስም። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ኤስ…ት…ሮ…። ደግሞ ከመጀመሪያው። ለፋርማሲስቷ ደህናው ጆሮ እንዲደርስ አድርጎ መናገር አለበት፤ በረንዳው ላይ ላሉት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዎችም ይደርሳል። ሰዓቶቹን አየ። አሥር ሰዓት ከሩብ። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ቆመና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተላት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ።

ሰዓት ሠሪዋ አየችው። ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። ሰዓቱን በሣጥኑ አድርጋ፣ በሪባን አስራ፣ በሁለት እጇ ለግንቡ ስትሰጠው ድምፅዋ ከማር በላይ ጣፈጠ።

«እንካ ግንቡ፣ አደረሰህ! አማችህ በጤና ይሰረው። ለሙሽሪት ደግሞ ምርቃቴን አድርስልኝ፤ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። … ፈጣሪ ትዳሯን የሞቀ ያድርግላት። ባሏ ሲያገኝ ለብቻው የማይበላ፣ ያለውን ለወዳጅ ለጓደኛ የሚያካፍል ይሁንላት። ምስጢሯን ይጠብቅላት። ዕቃ ሲጠፋባት ባትሪ ይዞ፣ አልጋ ሥር ገብቶ፣ አብሯት የሚፈልግ ባል ይስጣት። በልታ የምትጠግብ፣ ተኝታ የምታድር ያድርጋት። ትዳሯ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ፈጣሪ ፈቅዶ እኔ ዕድሜ ላይ ስትደርስ… እንደ እኔ ያድርጋት!»

ግንቡ ሣጥኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ አሜን አለ። ሦስት ጊዜ አለ። ከዚያም ሁለተኛ አሜን ፍለጋ ወደ በሩ ዞረ፤ ሙሽሪቱን ብስክሌት ያስተማራት፣ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ ተሸክሞ ቤቷ ያደረሳት ይኸው አሠልጣኙ ነውና። አሠልጣኙ አንድ እግሩ ውጭ አንድ እግሩ ውስጥ ቆሟል። አፉን ከፈተ። አሜን ቢል በልጅቷ ላይ ነው። አሜን ባይል ግንቡ ለምን ይላል። ማዘዣው በእጁ ውስጥ በላብ ራሰ። ሙቀቱ ከደረቱ ተነሥቶ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ምነው ዝም አሉ አሠልጣኝ?» አለች ሰዓት ሠሪዋ፣ በፈገግታ፣ አጉሊ መነጽሯን እየወለወለች። «እንደ እኔ ያድርጋት ነው እኮ ያልኩት።»